አዎ ያለ ሰው ብቻ

የካ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ የሺ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎ ትሕትናና ልጆቿስ እንዴት ናቸው? የአርባ ምንጭ ሙቀት ለሳንባዎ ተስማማልዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ከእንጦጦ ቁልቁል እየወረደ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። መልስ ልጽፍ አራት ጊዜ ተቀምጬ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጆሮዎ ስልክ ቢሰማልዎ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ተናግሬ እገላገል ነበር። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ግን ይቆያልና ሰው ይፈራዋል።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ አያፈስም፤ ጋሽ ጅሬኛ ሁለት ቆርቆሮ ቀይሮለታል። ሹፌርነቱን ትቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እዚያው ላይኛው ቤት ነው የሚውለው፤ ሚስቱ «አልጋህንም እዚያው ውሰድ» ትለዋለች አሉ። ባለቤትዎ ጋሽ ገረሱ በሕይወት ሳሉ ያጠሩት አጥር በአንድ በኩል ዘመም ብሏል እንጂ አልወደቀም። እሑድ እሑድ ሃያ ሦስት ሰው እንሆናለን፤ ዝናብ ከጣለ አሥራ አምስት። መጋቢ ጌድዮን በወር አንዴ ከአያት እየመጡ ቅዱስ ቁርባን ይሰጡናል። የቀረውን እሑድ እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ እዘጋለሁ።

አሁን ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ልምጣ። በኅዳር መጨረሻ ሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ በተከራዩት አዳራሽ አምስት ቀን ተቀመጥን። ሥርዓቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ግማሹ መጋቢዎች፣ ግማሹ እንደ እኔ ከየአጥቢያው የተመረጡ ምእመናን ነን፤ ቢሾፑ ይመራሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። ከሠላሳ ምእመን በታች ያላቸው አጥቢያዎች ከትልቁ ጎረቤታቸው ጋር ይዋሐዱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በእኛ በኩል ላይኛው ቤት ተዘግቶ ወደ አያት እንሂድ ማለት ነው። «ቤታችን አይዘጋ» ብለው በእጅዎ ጽፈው የላኩት ማመልከቻም ቁጥር ተሰጥቶት እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ ታይቷል። እኔም ተቃውሜ ተናግሬያለሁ እማማ፤ በድምፅ በለጡን። ከዚያ በመጨረሻው ቀን በስምምነት ዝርዝሩ ገብቶ ከሌሎች አርባ ጉዳዮች ጋር ባንድ ላይ አለፈ። ጉባኤው አጀንዳውን ስላልጨረሰ ለግንቦት ተቀጥሯል፤ እስከ ሰኔ ድረስ ቤቱ ክፍት ነው።

ለላይኛው ቤት ሰዎችም ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሽ ጅሬኛ እሑድ ዕለት ብድግ ብሎ «ሶሬቲ ብቻዋን ተሟግታልናለች» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፣ ሰዓቱ ሄደብኝ። ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

የምታከብርዎ ልጅዎ
ሶሬቲ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሬ ልጄ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለባልሽና ለልጆችሽ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስጠጣና በላብ ስጠመቅ እውላለሁ። ትሕትና ከመሥሪያ ቤቷ ፖስታ ሣጥን ደብዳቤሽን አምጥታ ሰጠችኝና «ምን ትላለች?» ብላ ቆመች። «ደህና ናት» ብያት ብቻዬን አነበብኩት።

«ተቀየሙኝ?» ብለሽ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ለጻፍሽው፣ ምኑን እቀየምሻለሁ? ተከራክሮ መሸነፍ ያለ ነው። እኔም ስንቴ ተሸንፌያለሁ። አንድ ጊዜማ ስለ መዝሙር መጽሐፍ ተናግሬ ስቀመጥ ድጋፍ የሰጠኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እንቅልፍ ላይ ስለነበር እጁን በስሕተት ነው ያነሣው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እኔ ሁለት ዙር፣ ስምንት ዓመት፣ በዚያ ጉባኤ ተቀምጫለሁ። የስምምነት ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በኮሚቴ አንድም ሰው ያልተቃወመው ጉዳይ ነበር። አንድ ሰው «አልስማማም» ካለ ጉዳዩ ለብቻው ወጥቶ በጉባኤው ፊት ክርክር ይደረግበታል እንጂ ከአርባ ጉዳይ ጋር ባንድ እጅ አይታለፍም። ለዚህ ነው አንድ ሰው ይበቃናል ብዬ አንቺን በመምረጣቸው ደስ ያለኝ። ሥርዓቱ ተቀይሮ ይሆን? አርጅቻለሁና ረስቼ ከሆነ ንገሪኝ።

ለጅሬኛ ሰላም በይልኝ። አጥሩን ያቅናው።

እናትሽ
የሺመቤት


የካ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ የሺ፣

ደብዳቤዎ በሰላም ደርሶኛል። ለገና ሳልጽፍልዎ በመቅረቴ፣ ለጥምቀትም እንዲሁ፣ በጣም አዝናለሁ። በየካ ሚካኤል ንግሥ የተነሣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ታክሲም አልነበረም፤ ፖስታ ቤት መሄድ አልቻልኩም።

ጋሽ ጅሬኛ አጥሩን አቅንቷል። «የሺ ትመጣና ታየዋለች» እያለ ነው። ስለ ሥርዓቱ የጠየቁኝን የደንብ መጽሐፉን አይቼ እጽፍልዎታለሁ፤ አሁን አጠገቤ የለም። የትምህርት ቤት ፈተና ማረምም ጊዜ አሳጥቶኛል።

ልጅዎ
ሶሬቲ


አያት፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማማ የሺ፣

«ንግሡ የሁለት ቀን ነው፣ ዝምታሽ ግን የወር ሆነ» ብለው የጻፉልኝን ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ሰነበትኩ። ሰላምታ እንኳ አልነበረበትም። ይገባኛል።

ሥርዓቱ አልተቀየረም። መጽሐፉም ያን ጊዜ አጠገቤ ነበር። አልተቃወምኩም እማማ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፦ «ስለ ላይኛው የካ የሚናገር አለ?» ማመልከቻዎ ፊቴ ነበር። ያ ወደ ላይ የሚወጣው የእጅ ጽሑፍዎ፣ «እኛ ጥቂቶች ብንሆንም» የሚለው መስመር፣ ሁሉም ፊቴ ነበር። ሰው ሁሉ ያየኝ መሰለኝና ወረቀቱን ገለበጥኩት። «የሚደግፉ» ሲሉ እጄን አነሣሁ። ከሠላሳ አንድ ሰው ሠላሳ አንድ እጅ ነው የተነሣው። በመጨረሻውም ቀን ዝርዝሩ በአዳራሹ ሲነበብ እንደገና አነሣሁ፤ አንድ መዝሙር የማይፈጅ ጊዜ ነው የወሰደው።

ማንም አላስገደደኝም። መጋቢ ጌድዮን እንዲያውም «አንቺ የምትዪውን እንሰማለን» ብለውኝ ነበር። በሰው የማመካኘው ነገር ቢኖረኝ ደስ ባለኝ።

ደክሞኝ ነበር። በየእሑዱ ከአያት እስከ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ የካ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ ሃያ አምስት ደቂቃ ዳገት። ልጆቼ ከኮንዶሚኒየማችን አምስት ደቂቃ የሚያስኬደው አዲሱ የአያት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት፤ እዚያ ኪቦርድ አለ፣ የሰንበት ትምህርት ክፍል አለ፣ በሩን የሚከፍት ዘበኛ አለ። እኔ ቁልፍ ይዤ ዳገት ስወጣ እነሱ ከአባታቸው ጋር ቁርስ በልተው በእግራቸው ይሄዳሉ። ቢዘጋ እፎይ እላለሁ ብዬ አሰብኩ። እፎይም አልኩ፤ እስከዚያው ቀን ማታ ድረስ።

በማግስቱ ጋሽ ጅሬኛ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «ተሟግቼ ነበር» የሚለው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከዚያ ለሁሉም እንዲሁ አልኩ፣ ለእርስዎም ጻፍኩ። አሁን ዳገቱን ስወጣ አዛውንቶቹ «አይዞሽ፣ አንቺ የምትችዪውን አድርገሻል» እያሉ ያጽናኑኛል። ከዚህ የሚብስ ቅጣት የለም።

ለማንም አልነገርኩም። ቢነግሩብኝም አልቀየምዎትም። የባልዎን መሬት፣ የእርስዎን ዕድሜ፣ በአንድ እጄ አሳለፍኩት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ።

ሶሬቲ


አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሬ፣

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ስለተናደድኩ ነው። ሌላ ምክንያት አልሰጥሽም። ገረሱ ያን ቦታ ሲሰጥ ወንድሞቹ «አበድክ ወይ?» ብለውታል። ጭቃውን እኔ በእግሬ አቡክቻለሁ፤ እርጉዝ ሆኜ፣ ትሕትናን ማለት ነው። የአንቺን ደብዳቤ ሳነብ መሐል ላይ መነጽሬን አወለቅኩ። ለልጄም ተናገርኳት፤ እሷም «ደክሟት ነበር ስትል አልሰማሽም?» አለችኝና እሷንም ተቆጣኋት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከመጽሐፉ ሌላ ገጽ ያነበብሽ አይመስለኝም። ጉባኤው ገና አልተዘጋም፤ ለግንቦት ነው የተቀጠረው፣ ያው ጉባኤ ነው። ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ ያሳለፈው ውሳኔ «እንደገና ይታይ» ሊባል ይችላል። ይህን መጠየቅ የሚችለው ግን በድጋፍ ድምፅ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። የተቃወመ አይችልም፣ ያልነበረ አይችልም። ሕጉ የወጣው የተሸነፈ ሁሉ እየተነሣ ጉባኤውን እንዳያሰለች ነው። ጅሬኛ ቢጮኽ አይሰማም። እኔ መቶ ማመልከቻ ብጽፍ አይሰማም። ከላይኛው ቤት የሚሰማ አንድ ሰው አለ፣ እሱም አንቺ ነሽ።

ቢሾፑ በመላው አዳራሽ ፊት ይጠይቁሻል፤ አንቺም አዎ ማለት አለብሽ። ጅሬኛ በታዛቢ ወንበር ሊቀመጥ እንደሚመጣ ጽፎልኛል። በይ ወይም ተዪ አልልሽም። እኔ ለላይኛው ቤት ሰዎች አልነገርኩብሽም፣ አልነግርብሽምም።

«ቤቱን እንዴት ጨክነው ትተውት ሄዱ ብዬ አስብ ነበር» ብለሽ በአንድ ወቅት ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔም መልስ ሳልሰጥሽ አለፍኩት። ዛሬ ልመልስልሽ። ሐኪሙ ያለኝ «የሌሊቱን ብርድ ተጠንቀቂ» ብቻ ነው። እኅቴ ጋ መገናኛ መቀመጥ እችል ነበር። እሑድ እሑድ መውጣት እችል ነበር። ገረሱ ከሞተ በኋላ ያ ቁልፍ ከበደኝ። ሰው እየቀነሰ፣ እኔ ወንበር እየቆጠርኩ፣ የሚመጣውን በመስኮት እያየሁ መቆም ሰለቸኝ። አንቺን ወጣት፣ አስተማሪ፣ እሺ ባይ ሆነሽ አገኘሁሽና «ለጥቂት ወር ያዢልኝ» ብዬ እጅሽ ላይ አኖርኩት። ስድስት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን «ደከመሽ ወይ?» ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም፤ ደከመኝ ብትዪኝ መመለስ ሊኖርብኝ ነው። ሳንባዬን ለሁሉም አወራሁ። ከሞቀ ቦታ ሆኜ «ቤታችን አይዘጋ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው።

ስለዚህ ንዴቴ ግማሹ የአንቺ፣ ግማሹ የራሴ ነው። ለይቼ መላክ አልቻልኩም።

የሺመቤት


የካ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማማ የሺ፣

ሰላምታዬ ከወትሮው ይበልጥ ይድረስዎት። ከዚያ በኋላ የላኩልኝን ሁለት ደብዳቤዎች ሳልመልስ የቀረሁት ላደርገው የምችለውን ስላላወቅኩ ነው። በመጨረሻው ላይ «ወሰንሽ ወይ?» ብለው ነበር። እስከዚያ ጠዋት ድረስ አልወሰንኩም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ቤቱ አልተዘጋም። አስቀድሜ ይህን ልንገርዎ፣ እንዳይጨነቁ። እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ፣ አራት ዓመት ተሰጥቶናል። ስድሳ ስምንት ለስድሳ አንድ ነው ያለፈው።

ዓርብ ዕለት ከምሳ በፊት ነው የተነሣሁት። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ቢሾፑ መነጽራቸውን አውልቀው «እኅቴ፣ በኅዳሩ ድምፅ በየትኛው ወገን ነበሩ?» አሉ። «በድጋፍ» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ «ማይኩን ጠጋ ያድርጉት» አሉኝ፤ እንደገና ማለት ነበረብኝ። «በድጋፍ ነው የሰጠሁት። በኮሚቴም በጉባኤም። አጥቢያዬ የላከኝ እንድቃወም ነበር። ተቃውሜያለሁ ብዬም ዋሽቻቸዋለሁ።» የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ሕጉም አይጠይቅም። እሱን ሳልል ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

ከዚያ ማመልከቻዎን አነበብኩት። በኅዳር ማንበብ የነበረብኝን። የክርክሩን ነገር መጋቢ ጌድዮን ይጽፉልዎታል፤ እሳቸው የአያት ሆነው ሳለ ለእኛ ተናገሩ። እኔ ወደ ታዛቢዎቹ ወንበር ማየት አልቻልኩም።

ጋሽ ጅሬኛ በር ላይ ጠበቀኝ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። «ሶሬ፣ ቤቱን አተረፍሽው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለኝ። አመሰገንኩት። ከዚያ «ግን እኔ አስጨብጭቤልሽ ስቀመጥ እያየሽኝ፣ በውስጥሽ ምን ትዪ ነበር?» አለኝ። የማመልከቻዎን ወረቀት እያጣጠፍኩ ቆምኩ። «በይ ደህና ዋይ» ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። ሁልጊዜ ከስብሰባ ስንወጣ እስከ ታክሲ ድረስ አብረን ነበር የምንሄደው።

ትናንት እሑድ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ ወጥቼ ከፈትኩ። ሃያ ስድስት ሰው መጣ፤ ቀርተው የነበሩትም ወሬውን ሰምተው መጡ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። በእጅ ሰላም አሉኝ፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቁኝ። እኔ በግራ በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላው ሁሉ ሞልቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ከኋላ ቆመው ነው ያመለኩት። የእኔ አግዳሚ አራት ሰው ይይዛል። የምስጋና ጸሎቱን ጋሽ ጅሬኛ ነው የጸለየው፤ ቢሾፑን ጠራ፣ መጋቢ ጌድዮንን ጠራ፣ እርስዎን በስም ጠርቶ አለቀሰ፣ ድምፅ የሰጡትን ሁሉ ባረከ። እኔ አሜን እያልኩ ተከተልኩ። ይህን የምጽፍልዎ አማርሬ አይደለም፤ ይገባኛል። ግን እማማ፣ አራት ዓመት ረጅም ነው። ቤቱ ሲዘጋ መኖር እንደማልችል ነበር የፈራሁት፣ ሲከፈት እንዴት እንደምኖርበት አላሰብኩም።

ቁልፉን ለሌላ ሰው ላስረክብ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። አስረክቤ ከሄድኩ ያው እንደገና ማምለጥ ይሆንብኛል። ካላስረከብኩም ፊታቸው ላይ መቆሜ ነው። ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ፤ ከእንግዲህ የራሴን ልብ አላምነውም።

ልጅዎ
ሶሬቲ


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶሬ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ለትሕትና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ ሻንጣ አወረደችልኝ። እሷ «ለጥቂት ሳምንት?» አለችኝ፤ እኔም «ተመልሼ አልመጣም» አልኳት።

ሰኔ 7 ቅዳሜ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ እኅቴ ጋ መገናኛ አድራለሁ። እሑድ ዳገቱን በራሴ እግር፣ በራሴ ጊዜ እወጣዋለሁ፤ ማንም አይጠብቀኝ። ለሰዎቹ የምነግራቸው የራሴ ነገር አለኝ፤ የሳንባዬን ጉዳይ። ጅሬኛ እኔንም ኮፍያውን ደፍቶ ጥሎኝ ይሄድ እንደሆነ እናያለን።

ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጪ። ከፍተሽ ግቢና ያው አግዳሚሽ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ፤ አርጅቼ ወፍሬያለሁ፣ ሰፊ ቦታ ነው የምፈልገው።

እናትሽ
የሺመቤት